ፊልም የቤት ሥራ ሲሆን፦ ከሰቆጣ የተገኘ ተሞክሮ



በሥነ ልቦና ሕክምና የቤት ሥራ መስጠት እንግዳ ነገር አይደለም። አሮን ቤክ የመሠረተው ሕክምና፣ ታካሚው በሁለት ቀጠሮዎች መካከል የሚሠራውን የሕክምናው አካል አድርጎ ይቆጥረዋል። ፊልምን ለዚሁ ማዋልን ሊንዳ በርግ ክሮስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1990 «ሲኒማ ቴራፒ» በሚል ስም አቅርበውታል። ስለ ራሱ ለመናገር አንደበቱ የሚያዝበት ሰው ስለ ሌላው ታሪክ መናገር አይከብደውም ከሚል ሐሳብ ይነሣል።

እኔም ይህንኑ ይዤ ሰቆጣ ሄድሁ። ወንድሙ ከጦርነት ላልተመለሰ አንድ ወጣት (ማንነቱ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጫለሁ) የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» አዘዝሁለት። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የተሸለመ ታላቅ ሥራ ነው፤ ምርጫዬ ግን ስሕተት ነበር። በፊልሙ ውስጥ የገጠር ወጣቶች ከደርግ አፈሳ ሸሽተው ዋሻ ይደበቃሉ። ወጣቱ ከዚያ ትዕይንት አላለፈም፤ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጣ። ለእኔ የታሪክ ትዕይንት የነበረው ለእርሱ የትናንት ጉዳይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፊልሙን ራሴ ደግሜ ሳላይ፣ የሚከብደውን ትዕይንትም አስቀድሜ ሳልናገር ለማንም አላዝም።

በኋላ የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» መረጥን። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም የተባለ ልጅ፣ አባቱ ሥራ ፍለጋ ሲሄድ ከዘመድ ቤት ይቀራል፤ ለበዓል ሊታረድበት የታሰበውን በጉን ይዞ ወደ አገሩ ለመመለስ ሳምቡሳ እየሠራ ይሸጣል። አጎቱ ወንድ ልጅ ምግብ መሥራቱን አይወድለትም።

ወጣቱ ብቻውን ያየዋል ብዬ ነበር። ነገር ግን ስልኩ ሲከፈት ቤተሰቡ ተሰበሰበ። አማርኛው ለከበዳቸው እናቱ በኽምጣኛ ይተረጉምላቸው ጀመር። ኤፍሬም ምግብ ሲሠራ እናትየው፣ ያልተመለሰው ልጃቸውም ወጥ ይሠራላቸው እንደነበር ተናገሩ። ስሙ ከመርዶው ወዲህ በዚያ ቤት ተጠርቶ አያውቅም ነበር። ፊልሙን አልጨረሱትም።

ይህ ሁልጊዜ መልካም ነው አልልም። ሕመሙን ከቤተሰቡ ለሰወረ ታካሚ እንዲህ ያለው ስብሰባ ምስጢሩን ሊያወጣበት ይችላል፤ ስለዚህ ከማን ጋር እንደሚያየው አስቀድመን እንነጋገራለን። ሲመለስም ፊልሙን ወደደው ወይ ብዬ አልጠይቅም፤ የት ላይ እንዳቆመው እጠይቃለሁ።