የተውነው ወንበር ባዶ አልሄደም

(በወልድያ በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተሰማ ንግግር)



እፊታችሁ የቀረብነው ሦስት የሐብሩ ልጆች ነን። የሚናገረው አንዱ ቢሆንም ቃሉ የሦስታችንም ነው። ማኅበሩ «በመጨረሻው ሰዓት ጉዞ ለውጦ ከአደጋ ስለ መትረፍ ንገሩን» ባለን ጊዜ በደስታ ተቀብለን ነበር። ንግግሩን ለማዘጋጀት ስንቀመጥ ግን ጉዳዩ በምስጋና ብቻ የሚታለፍ አለመሆኑን ተረዳን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ሥራ ለመፈለግ ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ አሰብን። እንደምታውቁት አውቶቡስ ከመናኸሪያ የሚነሣው ማለዳ ነው፤ ከወልድያ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድም ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለ ሆነ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። እኛ ግን ቸኮልን። ከመናኸሪያ ውጭ ማታ ተነሥቶ ሌሊቱን የሚጓዝ ሚኒባስ አገኘንና ለሦስት ወንበር ቀብድ ከፈልን።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ አብሮ አደጋችን መርሳ ላይ አገኘን። በዚያችው መኪና ከአዲስ አበባ የገባው የዚያን ዕለት ጧት ነበር። «በዚች መኪና እንዳትሄዱ» አለን፤ «ሾፌሩ ሌሊት ከሌሊት ሲመላለስ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ መሪውን እንደ ያዘ እንቅልፍ ጥሎት ረዳቱ ጮኾ ነው የቀሰቀሰው።»

እኛም ሐሳባችንን ለወጥን። ለረዳቱ ግን እውነቱን አልነገርነውም። «አያታችን ታመዋል» ብለን ዋሸን፤ ቀብዳችንንም መለሰልን። በዚያ ቦታ ይጠብቁ ከነበሩት መካከል አራስ ልጃቸውን ለመጠየቅ ቅቤና በሶ ይዘው የሚሄዱ አንዲት እናት ነበሩ። ቦታ መገኘቱን ሲሰሙ ፊታቸው በራ፤ «ጀዛችሁን አላህ ይክፈላችሁ፣ ልጆቼ» ብለው መረቁን። እኛም «አሚን» አልንና ዕቃቸውን አንሥተን አስገባንላቸው።

መኪናዋ ሳይነጋ ከመንገድ ወጥታ ተገለበጠች። እኒያ እናት አልተመለሱም።

ወሬው መርሳ በደረሰ ጊዜ የመንደሩ ሰው ወደየቤታችን መጣ። ቡና ተፈላ፤ ዳቦ ተቆረሰ፤ ሼሁም ቄሱም መጥተው ዱዓና ጸሎት አደረሱልን። «እንኳን ፈጣሪ አተረፋችሁ»፣ «ቀናቸው አልደረሰም» ተባለ። ያ ሁሉ ፍቅር እውነተኛ ነበር፤ እኛ ግን ዳቦውን እየበላን ዝም አልን። ያተረፈን ወሬ መሆኑን፣ ያንንም ወሬ ለብቻችን ይዘነው መቅረታችንን የሚያውቅ ከሦስታችን በቀር ማንም አልነበረም።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ በአገራችን በመጨረሻ ሰዓት የመትረፍ ነገር ሲነሣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ሁላችንም ትዝ ይለናል። በዚያ እሑድ ጧት የበረራ ቁጥሩ 302 የሆነው የኢትዮጵያ አይሮፕላን ከቦሌ በ2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ወደ ናይሮቢ ተነሣ፤ ስድስት ደቂቃ ያህል በርሮም ቢሾፍቱ አጠገብ ወደቀ። 149 መንገደኞችና 8 የበረራ ሠራተኞች፣ በጠቅላላው 157 ሰዎች አለቁ። ዋናው አብራሪ ያሬድ ጌታቸው የ29 ዓመት ወጣት ነበረ፤ ረዳቱ አሕመድኑር መሐመድ ደግሞ የ25። ከእኛ ዕድሜ ብዙም አይርቁም።

150ኛ ሊሆን የነበረው መንገደኛ አንቶኒስ ማቭሮፑሎስ የሚባል ግሪካዊ ነው። በዚያን ጊዜ የዓለም አቀፉ የደረቅ ቆሻሻ ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረ ሲሆን ናይሮቢ ለሚደረግ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ጉባኤ ይጓዝ ነበር። በሁለት ደቂቃ ዘግይቶ ከበሩ ሲደርስ በሩ ተዘግቶ አገኘው፤ ተቈጣ፤ የሚረዳው በማጣቱም አማረረ። በሚቀጥለው በረራ እንዳይሳፈር ተከልክሎ ወደ ጣቢያው ፖሊስ በተወሰደ ጊዜ ግን ቍጣውን ትቶ እንዲጸልይ፣ ከዚያ በረራ የቀረው እርሱ ብቻ መሆኑንም ነገሩት።

የዚህ ሰው ታሪክ በዓለም ሁሉ ተወራ። ሊወራም የሚገባው ነው። እርሱ ምንም አላወቀም፤ ምንም አልደበቀም፤ ወንበሩም ባዶውን ሄደ። የእኛ ግን ከዚህ የተለየ ነው። እኛን የሚመስለው ሌላ ታሪክ ነው፤ እርሱም ብዙ አልተወራለትም።

ከቢሾፍቱው አደጋ ከአራት ወር በላይ ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በዓይነቱ ተመሳሳይ የሆነ የቦይንግ 737 ማክስ አይሮፕላን በኢንዶኔዥያ ከጃካርታ ተነሥቶ ባሕር ውስጥ ወደቀና 189 ሰዎች ሞቱ። ያው አይሮፕላን በዋዜማው ከባሊ ወደ ጃካርታ ሲበርር ያንኑ ችግር አሳይቶ ነበር። የአየሩን አቅጣጫ የሚለካው መሣሪያ የተሳሳተ ቍጥር ሲሰጥ፣ ኤምካስ የተባለው ሥርዓት አፍንጫውን ወደ ታች ይደፋው ጀመር። በዚያ ሌሊት ከአብራሪዎቹ ጋር ሦስተኛ አብራሪ ተቀምጦ ነበረ። ችግሩን ተቋቁመው በደኅና አረፉ፤ መንገደኞቹም ወደየቤታቸው ገቡ። ነገር ግን በመዝገቡ ላይ ያዩትን ሁሉ አልጻፉም፤ መሪው እየተንቀጠቀጠ ማስጠንቀቂያ ሲሰጥ እንደ ነበረ ሳይገልጹ ቀሩ። የኢንዶኔዥያ መርማሪዎችም ይህን ጉድለት ለአደጋው ካበቁት ምክንያቶች እንደ አንዱ ቈጥረውታል። በማግሥቱ ሌሎች ሰዎች በዚያው አይሮፕላን ተሳፈሩ።

ከዚያም በኋላ ዝምታው አላበቃም። የአሜሪካ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት በእ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2018 ባደረገው ግምት፣ ነገሩ ካልተስተካከለ በአይሮፕላኖቹ የአገልግሎት ዘመን እስከ 15 የሚደርስ አደጋ ሊከተል እንደሚችል አስልቶ ነበር። የዓለም ሕዝብ ይህን የሰማው ግን ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በአሜሪካ ምክር ቤት በተደረገ ምርመራ ነው። በመካከሉ 157 ሰዎች ከቦሌ ተሳፈሩ። አይሮፕላኖቹ በየአገሩ ከበረራ የታገዱት እነርሱ ከሞቱ በኋላ ነው። ጥፋቱን በአብራሪዎቻችን ላይ ለመጣል የቸኰሉ አፎች ነበሩ፤ የአገራችን የመጀመሪያ ሪፖርት ግን አምራቹ ያዘዘውን ሥርዓት እንደ ተከተሉ ገልጿል።

እንግዲህ ትልቁን ከትንሹ ጋር ማስተያየታችን ራሳችንን ከፍ ለማድረግ አይደለም። የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ስላለ ነው፤ እርሱም ያወቀ ሰው ያወቀውን ይዞ መቅረቱ ነው።

ምናልባት «ተማሪ ቢናገር ማን ይሰማዋል? ሾፌሩስ በእናንተ ቃል ይቀር ነበርን?» ትሉን ይሆናል። እኛም ራሳችንን በዚሁ ስናጽናና ከርመናል። ሾፌሩ አይቀርም ነበር ይሆናል። ባለ መኪናው ተጨማሪ ምልልስ ይፈልጋል፤ እንደኛ ያለው ችኩል መንገደኛም ገንዘቡን ይዞ ይጠብቀዋል። እርሱን ብቻ መኰነን ፍርድ አይሆንም። ነገር ግን እኒያ እናት ይሰሙን ነበር። «እማማ፣ ይህች መኪና ደግ አይደለችም፤ ነገ ጧት በአውቶቡስ ይሂዱ» ለማለት አንድ ደቂቃ ይበቃ ነበር። ያቺን አንዲት ደቂቃ የከለከለን ፍርሃት እንኳ አልነበረም፤ ቀብዳችን እንዳይቀርብን ስንል ነው።

«ቀናቸው አልደረሰም» የሚለውን የአባቶቻችንን ቃል አንንቅም። የተረፈ ሰው ይጽናናበታል። ነገር ግን ቃሉ ለተረፈው መጽናኛ ሲሆን ለሞተው ፍርድ እንዳይሆን እንጠንቀቅ። የእኒያን እናት ቀን ያደረሰው ፈጣሪ ብቻ ነው ብለን እጃችንን ልንታጠብ አንችልም።

ስለዚህ ለማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። አንደኛ፤ ለዕረፍት ስንሄድና ስንመለስ በቡድን ሆነን ማለዳ ከመናኸሪያ እንሳፈር፤ የሌሊት ጉዞ ይቅርብን። ሁለተኛ፤ በመንገድ ላይ ክፉ ነገር ያየ ተማሪ የመኪናውን ሰሌዳ ቍጥር ይዞ ለትራፊክ ፖሊስና ለመናኸሪያው ኃላፊ ያስታውቅ፤ ማኅበሩም አብሮት ይቁም። ሦስተኛው ከሁሉ የቀለለ፣ እኛም ያጐደልነው ነው፤ በአደጋ ፍርሃት ወንበሩን የሚተው ሰው የተወበትን ምክንያት ለሚተካው ሰው ይንገር። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንናዘዝ። ይህን ንግግር ከማሰማታችን በፊት ወደ አራሷ ልጃቸው ሄደን እውነቱን ነግረናታል። የመለሰችልን ቃል የራሷ ስለ ሆነ እዚህ አንደግመውም። ስንወጣ ግን ሕፃኑን እንድናየው አስገባችን።