የማያነብ ልጅና የወላጁ ጥያቄ

በአሶሳ ለወላጆችና ለአንደኛ ደረጃ መምህራን በተዘጋጀ የንባብ ድጋፍ ሥልጠና ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የንባብ እክል የሚባለው አእምሮው ንቁ የሆነ፣ የሚያይና የሚሰማ፣ በቂ ትምህርትም ያገኘ ልጅ ፊደልን ከድምፅ አገናኝቶ ቃል ማንበብ ከእኩዮቹ በተለየ ሲቸግረውና ችግሩም ሳይለቀው ሲቆይ ነው። በሙያው ቋንቋ ዲስሌክሲያ ይሉታል። በጽሕፈት ወይም በሒሳብ ላይ የሚበረታ የመማር እክልም አለ፤ በብዛት የሚያጋጥመው ግን የንባቡ ነው። ምንጩ በአብዛኛው በቃል ውስጥ ያሉትን ድምፆች አንድ በአንድ ለይቶ የመያዝ ድክመት ሲሆን፣ በቤተሰብ ሲወርድ ሲዋረድ የመምጣት ዕድሉም ሰፊ ነው። አያት «አባቱም በልጅነቱ እንዲሁ ነበር» ካለች፣ የተናገረችው ተመዝግቦ ሊያዝ የሚገባው መረጃ ነው።

ነገሩ ለሐኪሞች አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ፕሪንግል ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1896 ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጽፎ ነበር። ልጁ ብልህ ነው፣ በጨዋታም ከማንም አያንስም፤ ማንበብ ግን አልሆነለትም። መምህሩ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሰጥ ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ልጆች ሁሉ ቀዳሚ እንደሚሆን መስክሮለታል። ጉዳዩን ከሐኪም ክፍል አውጥተው ወደ ትምህርት ቤት ያደረሱት ግን ወላጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1963 በቺካጎ የተሰበሰቡ ወላጆች ሳሙኤል ከርክ የተባለውን ምሁር ጋብዘው ካዳመጡ በኋላ «የመማር እክል» በሚለው መጠሪያ ሥር ማኅበር አቋቋሙ። እንዲህ ያለው የወላጆች ግፊት ሳይቋረጥ ቀጥሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የአሜሪካ ምክር ቤት ትምህርት ቤቶችን የሚያስገድድ ሕግ አወጣ።

በኢትዮጵያም መንገዱን በከፊል የከፈቱት ወላጆች ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት አጥተው ሲንገላቱ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስም «አቡጊዳ ፎነቲክስ» ያሉትን የፊደልና የንግግር ማስተማሪያ ዘዴ ሲያስፋፉ ኖረዋል። ኦቲዝም ከንባብ እክል የተለየ ነገር ነው፤ ሁለቱ መደባለቅ የለባቸውም። የሚያመሳስላቸው መጀመሪያ ጠያቂዋ እናት መሆኗ ነው።

በሕግ በኩል መሠረቱ አለ። የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ጸድቋል፤ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂም በ1998 ዓ.ም. ወጥቶ በ2004 ዓ.ም. ተሻሽሏል። ይሁንና ልዩ ፍላጎት ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ብሬልና የምልክት ቋንቋ ነው። የንባብ እክል ያለበት ልጅ ምንም ምልክት በሰውነቱ ስለማይታይ «ሰነፍ» ተብሎ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ብዙ ጊዜ በነጻ ዝውውር ስለሚታለፉ፣ ወላጅ ችግሩን የሚያውቀው ልጁ 4ኛ ወይም 5ኛ ክፍል ከገባ በኋላ ይሆናል።

በቤንሻንጉል ጉሙዝ ወላጁን የሚጠብቀው ጥያቄ ከሌላው አገር ይከብዳል። በባምባሲ፣ በመንጌ ወይም በኩርሙክ ያለ የ3ኛ ክፍል ልጅ ንባብ አልሆንለት ሲል ምክንያቱ የመማር እክል ብቻ ላይሆን ይችላል። በ2002 ዓ.ም. ክልሉን ጨምሮ በስምንት ክልሎችና ከተሞች፣ በስድስት ቋንቋዎች የተካሄደው የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ብዙ ልጆች ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። የንባብ እክል ግን በየትኛውም አገር የሚያጠቃው ከልጆች ጥቂቱን ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት ከመቶ ከ5 እስከ 10 ነው። የክፍሉ ግማሽ የማያነብ ከሆነ መመርመር ያለበት ልጁ ሳይሆን ትምህርቱ ነው። በከማሺና በመተከል ዞኖች ደግሞ በግጭት ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው የከረሙባቸው ዓመታት አሉ። ከተፈናቃይ ቤተሰብ የመጣ ልጅ ያጣው የትምህርት ዘመን ሳይቆጠር «እክል አለበት» ማለት በደል ነው።

ከሁሉ የረቀቀው የቋንቋው ነገር ነው። በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሽናሻ፣ ማኦና ኮሞ የክልሉ ነባር ሕዝቦች ሲሆኑ፣ የሥራ ቋንቋው አማርኛ ነው። በርትኛ፣ ጉሙዝኛና ሽናሽኛ በላቲን ፊደል ተጽፈው በዝቅተኛ ክፍሎች ማስተማሪያ ሆነዋል። የአሶሳ የበርታ ልጅ እንግዲህ በአንድ ጊዜ ላቲንን ለአፍ መፍቻ ቋንቋው፣ ፊደልን ለአማርኛ፣ እንደገና ላቲንን ለእንግሊዝኛ፣ ቁርአን ቤት የሚሄድ ከሆነም ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበበውን ዐረብኛ ይማራል። በዩኤስኤይድ ድጋፍ ሲካሄድ የነበረው ሰፊው የንባብ መርሃ ግብር መጻሕፍት ያዘጋጀባቸው ሰባት ቋንቋዎች ውስጥ አማርኛ ቢኖርም፣ ከእነዚህ የክልሉ ቋንቋዎች አንዱም አልነበረም።

ይህ ብዛት ሸክም ቢሆንም ለምርመራ ያገለግላል። ልጁ በበርትኛ እያነበበ በአማርኛ ብቻ ከተንተባተበ ችግሩ የቋንቋ ሳይሆን አይቀርም፤ በቅድሚያ አማርኛውን በንግግር ማጠናከር ይረዳዋል። በበርትኛም፣ በአማርኛም፣ በቁርአን ቤትም እኩዮቹ ጥለውት ከሄዱ ግን የንባብ እክል ሊጠረጠር ይገባል። ስለዚህ የቁርአን መምህሩ ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪው ምስክርነት ከክፍል መምህሩ ማስታወሻ ጋር አብሮ መታየት አለበት።

ከጥርጣሬ በፊት ጤናው ይታያል። ልጁ ሰሌዳውን ለማየት ዓይኑን ያጨናብሳል ወይ? ጆሮው መግል ይዞ ያውቃል ወይ? ከባድ የአንጎል ወባ ታሞ የዳነ ልጅ ላይ አንዳንድ ጊዜ የትኩረትና የማስታወስ ችግር እንደሚቀር በኡጋንዳ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ወባ ባልጠፋበት ክልል ይህ ሊጠየቅ ይገባል። በክልሉ የቆየው እንቅርትም የአዮዲን እጥረት ምልክት ነው፤ እጥረቱ በእርግዝና ጊዜ ሲያጋጥም የልጁን አእምሮ ይጎዳል። ይህኛው ጉዳት ግን ንባብን ለይቶ አይመታም፣ ጠቅላላ ትምህርቱን ያጓትታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እነዚህን ጥያቄዎች ሰምታ ወደ ጤና ጣቢያ ልትልክ ትችላለች።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ልጁን ሲያነብ ማየት ነው። የፊደል ገበታን እንደ ዜማ የሚወርድ ልጅ ፊደል አወቀ ማለት አይደለም። ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ እያለ እስከ ፐ የሚዘልቀው ልጅ፣ ጣት ከገበታው መካከል ላይ ተደርጎ «ይቺ ማናት?» ሲባል ከረድፉ መጀመሪያ ተነስቶ እየቆጠረ ይደርስባታል። ሉ፣ ሊና ሌ የሚለያዩት ቀኝ እግራቸው ላይ በምትቀጠል ትንሽ ጭረት ወይም ቀለበት ነው፤ እክል ያለበት ልጅ ደግሞ እነዚህን ሌሎች ከለመዱ ከወራት በኋላም ያቀያይራል። ሳድስና ሳብዕ ደንብ አይጠብቁም፤ ረ እና ፈ ደግሞ በየመልካቸው ይለያያሉ። ሌላው ምልክት ትምህርቱን በቃሉ መያዙ ነው። ገጹ ላይ ያለውን ሥዕል በእጅ ሸፍኖ ከመስመሩ መሐል አንድ ቃል ብቻ ማስነበብ ነገሩን ያወጣዋል።

ፊደል ያልቆጠረ ወላጅ ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ መልሱ ከሚጠበቀው በላይ ተስፋ ያለው ነው። ድክመቱ ድምፅ ላይ ስለሆነ ልምምዱም በድምፅ ይጀመራል፤ ለዚህ ደብተር አያስፈልግም። እናት ማሽላ ስትለቅም «ማንጎ፣ ማሽላ፣ ሰሊጥ፦ አጀማመሩ የማይገጥመው የቱ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። የበርታ እናት ይህንኑ በበርትኛ ቃላት ታደርገዋለች፤ እንዲያውም እንዲህ ያለው ልምምድ መጀመሪያ በቤት ቋንቋ ቢሆን ይመረጣል። በበርትኛም በጉሙዝኛም የድምፅ ከፍታና ዝቅታ የቃሉን ፍቺ ስለሚለይ፣ እዚህ ላይ የቋንቋው ተወላጅ የሆነ ወላጅ ከመምህሩ ይበልጣል። ልጁ ድምፆቹን መለየት ሲጀምር መምህሩ በየቀኑ 15 ወይም 20 ደቂቃ ለይቶ ጥቂት ፊደላትን ከድምፃቸው ጋር ያስጠናዋል፤ ልጁ ቅርጹን አፈር ላይ በጣቱ እየጻፈ ድምፁን ጮክ ብሎ ይጠራል፣ ሁለቱን ያጋጥማል፣ የትናንቱን ሳይይዝ ወደ ነገው አይሻገርም። የአማርኛ ጽሕፈት ጥብቀትን ስለማያሳይ «ገና» እና «አለ» ያሉ ቃላት በዐረፍተ ነገር ውስጥ ካልሆነ ለብቻቸው አይሰጡትም።

የማይረዱትም ነገሮች መታወቅ አለባቸው። ሰሌዳ ላይ ያለውን ሙሉ ገጽ እየገለበጠ መዋል ንባብ አያስተምርም፤ ብዙ የንባብ እክል ያለባቸው ልጆች ሳያነቡ መገልበጥ ይችሉበታል። የትምህርቱ አሰጣጥ ሳይለወጥ ክፍል መድገምም እንዲሁ ነው። ሳያዘጋጁ በክፍሉ ፊት ጮክ ብለህ አንብብ ማለት ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀራል፤ ዱላው ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ጸበልም ሆነ ዱዓ ወላጅን ያጽናናል፣ ማንም አይከለክለውም፤ የፊደሉ ልምምድ ግን በጎን መቀጠል አለበት።

ጥያቄው በቃል ብቻ ከቀረበ ይረሳል። ወላጅ የልጁን ደብተር፣ ችግሩ መቼ እንደታየና በየትኛው ቋንቋ እንደሚብስ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ (ራሱ ባይጽፍ በጎረቤት ተማሪ አስጽፎ) ለክፍል መምህሩና ለርዕሰ መምህሩ ይሰጣል። ምላሽ ካጣ በወላጅ መምህር ኅብረት በኩል ወደ ጉድኝት ሱፐርቫይዘሩ፣ ከዚያም ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። በአሶሳና በግልገል በለስ ያሉት የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ዕጩ መምህራንን ለልምምድ ወደ ትምህርት ቤቶች ሲልኩ፣ ለእያንዳንዱ ዕጩ አንድ የማያነብ ልጅ ለአንድ መንፈቅ ቢመደብለት ክልሉ ባለው የሰው ኃይል ብቻ ብዙ ይሠራል።

7ኛ ክፍል ደርሶ የማያነብ ወጣት ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። ለእሱ የሕፃናት መጽሐፍ ማቅረብ ማሳፈር ነው፤ ከሚያውቀው ነገር፣ ከእርሻው፣ ከስልክ መልእክት፣ ከኳስ ቡድን ስም የተወሰዱ አጫጭር ቃላት ይሻሉታል። የድምፅና የፊደል ቅደም ተከተሉ ለእሱም ያው ነው፤ ጊዜው ግን ይረዝማል። በዚያው መካከል ሳይንሱና ኅብረተሰብ ትምህርቱ እንዳያመልጠው ጥያቄ እየተነበበለት በቃል መልስ እንዲሰጥ ማድረግ የክፍል መምህሩ ሥልጣን ነው፤ ለክፍል ፈተና ልዩ ፈቃድ አያሻም።