ልጆቻቸውን በቤት ስለሚያስተምሩ ወላጆች ትናንሽ ጉባኤዎች
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ከሩቅ ሲያዩት መምህራንን የሚመለከት አይመስልም። ነገሩ በአሜሪካ ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት ሳይልኩ በቤታቸው የሚያስተምሩ ወላጆች በየአካባቢያቸው የሚያደርጓቸውን ትናንሽ ጉባኤዎች የሚመለከት ነው። እኛ እንጀራችን በትምህርት ቤት የተመሠረተ ሰዎች የእነዚህን ወላጆች ስም ስንሰማ ፊታችንን ማጨማደዳችን አይቀርም። ይሁን እንጂ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል አንዳንዶቹ ይህንኑ መንገድ የያዙ ስለሆነ ጉዳዩን ቀረብ ብሎ መመርመር ይገባል።

ልጅን በቤት ማስተማር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አቅም ያለው ቤተሰብ ፊደል የሚያስቆጥር ቄስ ቤቱ ድረስ ያስመጣ እንደነበር ብዙዎቻችን ከወላጆቻችን ሰምተናል። የአሜሪካው እንቅስቃሴ ግን ሌላ መነሻ አለው። ጆን ሆልት የተባለው መምህር በ1964 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ልጆች በክፍል ውስጥ ስለሚወድቁበት ምክንያት የታወቀውን መጽሐፉን አሳተመ። ትምህርት ቤትን ከውስጥ ማሻሻል ይቻላል የሚለው ተስፋው ከተሟጠጠ በኋላም በ1977 በቤት ለሚያስተምሩ ወላጆች አንድ መጽሔት ማውጣት ጀመረ። የዚህ መጽሔት ብዙው ገጽ ወላጆች እርስ በርሳቸው የሚጻጻፉት ደብዳቤ ነበር። በዚያን ጊዜ በብዙ ክፍላተ ግዛት ሕጉ ግልጽ ስላልነበረ፣ ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀረ ወላጅ ፍርድ ቤት ሊቆም ይችል ነበር። ድርጊቱ በ50ዎቹም ክፍላተ ግዛት ሕጋዊ መሆኑ የተረጋገጠው እስከ 1993 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። እንግዲህ በዚያ የጭንቀት ዘመን ወላጆች በአንድ ሳሎን ወይም በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የሚሰበሰቡት ምክርም መከታም ፍለጋ ነበር።

ዛሬ ፍርሃቱ ቀርቷል፤ ቁጥሩም አድጓል። የመንግሥት ግምት በ1999 850,000 የሚሆኑ ልጆች በቤት ይማሩ እንደነበር ሲያመለክት፣ በ2016 ቁጥሩ 1.7 ሚሊዮን ያህል ደርሷል። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ፣ የቆጠራው መሥሪያ ቤት ባደረገው ጥናት መሠረት ልጆች ካሏቸው ቤተሰቦች መካከል በቤት የሚያስተምሩት በጸደይ 5.4 ከመቶ የነበሩት በመከር 11.1 ከመቶ ሆነዋል። በጥቁር ቤተሰቦች ዘንድ ደግሞ ከ3.3 ወደ 16.1 ከመቶ ዘልሏል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ከዚያ በፊት የማስተማር ሐሳብ ያልነበራቸው ሰዎች መሆናቸውን መገመት አያዳግትም።

ገበያውም ይህን አላጣውም። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ የሚገባባቸው ታላላቅ ጉባኤዎች አሉ፤ ታዋቂ ተናጋሪዎች ይጋበዛሉ፤ መጽሐፍ ሻጮችም አዳራሽ ሙሉ ጠረጴዛ ይዘረጋሉ። እነዚህን አልነቅፍም። ዳሩ ግን ጀማሪዋ እናት ከዚያ የምትወጣው አብዛኛውን ጊዜ በከባድ ከረጢትና በቀለለ ቦርሳ ነው። የገዛችው መጽሐፍ ለልጇ ይስማማ እንደሆነ የሚነግራት አላገኘችም።

ሠላሳ ወይም አርባ ሰው የሚገኝበት፣ በቤተ መጻሕፍት የስብሰባ ክፍል የሚደረግ ጉባኤ ግን ሌላ ነው። እዚያ ወላጆች የልጆቻቸውን ደብተር ይዘው ይመጣሉ። የሜሪላንድ ሕግ በቤት የሚያስተምር ወላጅ የልጁን ሥራ በማኅደር እንዲያከማችና ለምርመራ እንዲያቀርብ ስለሚያዝዝ፣ «ማኅደሩ ምን ይመስላል?» የሚለው ጥያቄ በቃል አይመለስም፤ የሌላይቱን እናት ማኅደር ገልጦ ማየት ያስፈልጋል። በቨርጂኒያ ደግሞ ወላጁ እስከ ኦገስት 15 ሐሳቡን ማስታወቅ፣ ዓመቱም ሲያበቃ የልጁን መሻሻል የሚያሳይ ማስረጃ እስከ ኦገስት 1 ማቅረብ አለበት። የእንግሊዝኛውን የሕግ አጻጻፍ ለሚፈራ ስደተኛ ወላጅ፣ ይህንን ባለፈው ዓመት ከፈጸመ ሰው አንደበት መስማት ትልቅ ዕረፍት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ግን በአንድ ጥያቄ ይገለጣል። አንዲት እናት ተነሥታ «ልጄ ስምንት ዓመት ሞልቶታል፤ እስካሁን አያነብም» ብትል ምን ይደረጋል? በሺህ ሰው ፊት ይህን ደፍሮ የሚናገር የለም። በትንሹ ክፍል ግን ይባላል። ሲባልም የተለመደው መልስ «ጊዜው ሲደርስ ያነባል፣ አታስጨንቂው» የሚል ነው። የዚህ ምክር ሥር ሬይመንድና ዶሮቲ ሙር የተባሉ ባልና ሚስት በ1975 ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል፤ ልጅን ወደ መደበኛ ትምህርት ከማስቸኮል ማዘግየት ይሻላል የሚል ነበር። በእርግጥ ዘግይተው አንብበው ከእኩዮቻቸው የሚስተካከሉ ልጆች አሉ። ነገር ግን ቃልን ወደ ድምፅ መለወጥ በተፈጥሮው የሚቸግረው ልጅም አለ፤ ለእርሱ መጠበቅ መድኃኒት አይደለም፣ የሚባክን ዓመት ነው። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የእኛ ሙያ ነው።

እዚህ ላይ ነው መምህር በዚያ ክፍል ውስጥ ቢገኝ የምለው። በ1975 የወጣው የፌዴራል ሕግና እርሱን የተከተሉት ሕጎች እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በግዛቱ ውስጥ የሚኖሩትን ጉዳት ያለባቸውን ልጆች ሁሉ ፈልጎ የመለየት ግዴታ ጥለውበታል። ልጇ በቤት የሚማር እናት የትምህርት ቤቱን ደጅ ለምርመራ ለማንኳኳት የምታፍር ከሆነ፣ ይህን የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል። ወደ ትምህርት ቤት መልሳት ለማለት አይደለም፤ ልጁ ዓይኑና ጆሮው፣ ንባቡም እንዲመረመር ለማለት ነው።

ሁለተኛውን ነገር ደስ እያለኝ አልናገረውም። የሕጉ ቁጥጥር ከቦታ ቦታ ይለያያል። ኒው ዮርክ የዓመት ዕቅድና በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ይጠይቃል፤ በቴክሳስ ግን ወላጁ ለማንም የማስታወቅ ግዴታ የለበትም። እንዲህ ባለበት አገር አንድ ልጅ ወራት ሙሉ ከቤተሰቡ በቀር ሌላ አዋቂ ሰው ሳያየው ሊከርም ይችላል። ትንሹ ጉባኤ የቁጥጥር ባለሥልጣን አይደለም፤ እንዲሆንም አልመኝም። ልጅ አስከትሎ የሚመጣ ወላጅ ግን ልጁን ለሌላ ዓይን ያሳያል። ሊሸሽግ የሚፈልግ እንደማይመጣ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ይህን ጥቅም ከልኩ በላይ አላጎላውም።

ለእኛ ወገን ወላጆች አንድ የተለየ ነገር ልጨምር። በአርባ ሰው መካከል ብቸኛዋ አማርኛ ተናጋሪ የሆነች እናት ብዙ ጊዜ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ፣ ሰምታ ዝም ብላ ትመለሳለች። ሁለት ሆነው ቢሄዱ ይናገራሉ። ቢናገሩም የሚሰጡት አላቸው፤ በየኔታ ዘንድ ቀድሞ የለየው ልጅ ለተከታዩ ያስቆጥር የነበረበት ሥርዓት፣ ሦስትና አራት ልጆች በአንድ ጠረጴዛ ለሚያስተምር ቤት የሚረዳ ዘዴ ነው። አባቶችም ቢገኙ መልካም ነበር፤ እስካሁን የማስተማሩን ሸክም አብዛኛውን የምትሸከመው እናት ናትና።

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። እንዲህ ያለ ጉባኤ ሲጋብዘን እንሂድ፤ የመጀመሪያውን ሰዓት እናዳምጥ፤ ንባብ ለመፈተን የሚያስችሉ ጥቂት ገጾች በአማርኛም በእንግሊዝኛም አዘጋጅተን እንያዝ። ጉባኤዎቹ ቅዳሜ ስለሚሆኑ ከሥራችን ጋር አይጋጩም። ፈቃደኛ የሆናችሁ ዛሬ ከመውጣታችሁ በፊት ስማችሁንና የምትኖሩበትን ቀበሌ ለጸሐፊያችን እንድትሰጡ እለምናለሁ።