አንድ ሰባ ሁለተኛ፦ የጦር አውሮፕላን ሞዴልና የታሪክ ማስረጃ



የታሪክ መምህር ስለ ትርፍ ጊዜ ሥራው ንግግር እንዲያደርግ ሲጋበዝ ጥቂት ማመንታቱ አይቀርም። ግብዣውን የተቀበልሁት ማታ ማታ የምሠራቸው የፕላስቲክ የጦር አውሮፕላን ሞዴሎች፣ ቀን በክፍል ውስጥ ስለ ማስረጃ የማስተምረውን በእጄ እንድፈትን ስላደረጉኝ ነው። ከዚያም አልፈው ከጠረጴዛዬ የሚሰፋ ጥያቄ አስነሥተዋል። ዛሬ የማቀርብላችሁ ያንን ጥያቄ ነው።

በቅድሚያ ስለ ልኩ ልናገር። በዚህ ሥራ በጣም ከተለመዱት መስፈርቶች አንዱ 1/72 ነው። መነሻው የእንግሊዝ ልኬት ሲሆን፣ በእውኑ ዓለም ስድስት ጫማ የሆነው በሞዴሉ አንድ ኢንች ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1936 ፍሮግ የተባለው የእንግሊዝ አምራች በዚሁ መስፈርት የሚገጣጠሙ የፕላስቲክ አውሮፕላኖችን ለገበያ አቀረበ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ጨዋታው ሥራ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካ ባሕር ኃይል የትምህርት ቤት ተማሪዎች 500,000 ሞዴሎችን ከእንጨት ቀርጸው እንዲያቀርቡለት ጠየቀ። ምክንያቱ ቀላል ስሌት ነው፤ በ1/72 የተሠራን ሞዴል በ10 ሜትር ርቀት የሚመለከት ወታደር፣ እውነተኛውን አውሮፕላን በ720 ሜትር ርቀት የሚመለከተውን ያህል ያየዋል። ወዳጅን ከጠላት ለይቶ ማወቅ የሚማረው በዚህ ነበር። ስለዚህ የሞዴል ትክክለኛነት ከመጀመሪያው የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነበር ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ክፍሎቹ የሚወጡት የቀለጠ ፖሊስታይሪን በብረት ቅርጽ ውስጥ በግፊት ተጨምሮ ነው። ሠሪው ከተያያዙበት ዘንግ ይቆርጣቸዋል፤ ጠርዛቸውን ያስተካክላል፤ ፕላስቲኩን ጥቂት በሚያሟሟ ማጣበቂያ ያጋጥማቸዋል። የመጋጠሚያውን መስመር ሞልቶ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል። ከዚያ መደብ ቀለም፣ ከዚያ በአየር ግፊት የሚረጭ ስስ ቀለም፣ በመጨረሻም በውሃ ተነክረው የሚለጠፉ ምልክቶች ይከተላሉ።

በዚህ ሂደት ውስጥ ሦስት ትምህርቶች አሉ። አንደኛው የመጠን ነው። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የሞዴል ክንፍ ጠርዝ ወደ እውነተኛው መጠን ሲመለስ 7.2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የእውነተኛው አውሮፕላን የአሉሚኒየም ቆዳ ግን ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ሁሉንም ነገር በልኩ አሳንሶ መሥራት አይቻልም፤ አንዳንዱ ይጋነናል፣ አንዳንዱ ይተዋል። ታሪክ ጸሐፊም የአንድን ዘመን ሕይወት በ300 ገጽ ሲያሳንስ የሚያደርገው ይኸንኑ ነው። የሚጠየቀው መተዉ ሳይሆን ምን እንደተወና ለምን እንደተወ ነው።

ሁለተኛው የፎቶግራፍ ነው። የጥንቱን አውሮፕላን ቀለም የምንፈልገው በአብዛኛው ከጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ነው። ነገር ግን ለቀይ ብርሃን ስሜት ያልነበረው የቀድሞው ፊልም ቀይን ጥቁር ያስመስላል፤ ቢጫን ያጠቁራል፤ ሰማያዊን ያፈካል። ይህን የማያውቅ ሰው በፎቶግራፍ ላይ ያየውን ጥቁር ቀለበት ጥቁር አድርጎ ይቀባዋል፤ ቀለበቱ ግን ቢጫ ነበር። ፎቶግራፍ ምስክር ነው፤ ምስክር ደግሞ በምን ዓይን እንዳየ ይጠየቃል።

ሦስተኛው የዕድሜ ነው። ብዙ ሠሪዎች ዝገትና የቀለም መላጥ መጨመር ይወዳሉ፤ ሞዴሉን ሕያው ያስመስለዋልና። ዳሩ ግን በጦርነት ጊዜ ከፋብሪካ በወጣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የጠፋ አውሮፕላን ሃያ ዓመት ያገለገለ መምሰል የለበትም። ውበት ማስረጃን እንዲተካ መፍቀድ በጽሑፍም በቀለምም ያው ጥፋት ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥያቄ ደረስሁ። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የምናደርገው ለመግደያ መሣሪያ ነው። ሳቮያ ማርኬቲ ኤስ.ኤም.81 የተባለው የጣሊያን ባለ ሦስት ሞተር ቦምብ ጣይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተዋጋው በአገራችን ላይ ነው። ሱፐርሞዴል የተባለው የጣሊያን አምራች በ1/72 አውጥቶታል። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 24 ሜትር የነበረው ይህ አውሮፕላን በጠረጴዛ ላይ 33 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ቅርጹም ያምራል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በደሴ ላይ የጣሊያን አውሮፕላኖች ቦምብ ሲያዘንቡ ከታች የነበረው ሰው ግን ያየው ሆዳቸውን ነው። ሞዴል ሁልጊዜ ከላይና ከጎን ይታያል። መስፈርቱ የሚተወው ትልቁ ነገር መሬቱና በመሬቱ ላይ ያለው ሰው ነው።

የጣሊያኑን መውቀስ ለእኛ ይቀልለናል። የሚከብደው ፈተና የራሳችን ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት የተዋጋው ኤፍ-5 በ1/72 ክንፉ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ምልክታችንን ስለጥፍበት እጄ በኩራት ይንቀሳቀሳል፤ አልክደውም። ነገር ግን ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. በሐውዜን ገበያ የተሰበሰበውን ሕዝብ የደበደቡት አውሮፕላኖችም የኢትዮጵያ አየር ኃይል ነበሩ። ኩራቱን ተቀብዬ ሐዘኑን የምተው ከሆነ የምሠራው ሞዴል ሳይሆን ጌጥ ነው።

አንዳንዶች መፍትሔው አለመሥራት ነው ይላሉ። በጀርመን የናዚን ምልክት በአደባባይ ማሳየት በሕግ ስለሚከለከል፣ ብዙ አምራቾች ስዋስቲካውን ከምልክቶቹ ወረቀት ያወጡታል ወይም ከፋፍለው ያትሙታል። የሕጉን ምክንያት አከብራለሁ፤ የተጎዱት ሰዎች ገና በሕይወት ባሉበት አገር ምልክቱ ወረቀት ብቻ አይደለም። ለእኛ መደርደሪያ ግን ማውጣት በቂ መልስ አይመስለኝም። የወጣው ነገር ይረሳል እንጂ አይታረምም።

የእኔ ሐሳብ ትንሽ ነው። እያንዳንዱ ሞዴል ከሥሩ አራት መስመር የያዘ ካርድ ይኑረው፦ የማን ነበር፣ መቼ በረረ፣ የት በረረ፣ ከታች ማን ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ማንኛውም ሠሪ ይሞላቸዋል፤ በሣጥኑ ላይ ተጽፈው ይመጣሉና። አራተኛውን ለመሙላት ግን ቤተ መጻሕፍት መግባት፣ ሽማግሌ መጠየቅ፣ የሌላውን ወገን ታሪክ ማንበብ ያስፈልጋል። አራተኛው መስመር ባዶ ከሆነም ባዶነቱ ይታይ፤ ገና ያልተሠራ ጥናት እንዳለ ይነግረናልና።

ውድ ተማሪዎች፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ስትጀምሩ ይህን አራተኛ መስመር በራሳችሁ ርዕስ ላይ ሞክሩት። ስለ መንገድ፣ ስለ ግድብ፣ ስለ አዋጅ ብትጽፉም ከታች የነበረ ሰው አለ።