ከመፍረድ በፊት መመርመር፦ የአንድ የጭነት መኪና ሞተር ያስተማረን

(በንብረት አያያዝ ሥልጠና ላይ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ የጭነት መኪና ሞተር ነው። ጉዳዩ ለጋራዥ እንጂ ለጉባኤ የማይገባ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በዚህ ሞተር ምክንያት የአንድ አገልጋይ ስም ጎድፏል፤ የምእመናን ገንዘብም በከንቱ ሊወጣ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ስለዚህ የራሳችንንም ጥፋት ሳንደብቅ እንነግራችኋለን።

ለመጠጥ ውኃ ሥራችን ቧንቧና ሲሚንቶ የሚያመላልሰው ባለ አራት ሲሊንደር የናፍጣ መኪና ባለፈው ክረምት፣ ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ፣ ሞተሩ ይንተፋተፍ፣ ዳገት ላይም ጉልበት ያጣ ጀመር። ጠዋት ሲነሣ ከማርሚታው ነጭ ጭስ ይወጣል፤ የናፍጣ ፍጆታውም ጨመረ። የፍጆታው መዝገብ ለኮሚቴው በቀረበ ጊዜ ሁሉም ወደ አሽከርካሪው ተመለከተ። «ናፍጣው ተሽጧል» ተባለ። ለረጅም ዓመታት ያገለገሉት እኒህ ሰው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባቸው፤ ከደመወዛቸውም ተቆረጠ። በደብዳቤው ላይ የእኛም ፊርማ አለበት። መኪናውን ያየ አንድ ጋራዥ ደግሞ ሞተሩ ወርዶ በሙሉ ይታደስ አለ። ኮሚቴውም ለሕንጻ ቤተ ክርስቲያን ከተሰበሰበው ገንዘብ ለመበደር ቃለ ጉባኤ አዘጋጀ።

ቃለ ጉባኤው ከመፈረሙ በፊት ከአንድ አረጋዊ መካኒክ ጋር ወደ ስፍራው ሄድን። መካኒኩ ቁልፍ ከማንሣታቸው በፊት አሽከርካሪውን ጠየቋቸው፦ መቼ ጀመረ? ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲሞቅ? ናፍጣ የሚቀዳው ከየት ነው? አሽከርካሪውም «በክረምቱ ከደብሩ ግቢ በርሜል መቅዳት ከጀመርን ወዲህ ነው» ብለው መለሱ። ይህን ጥያቄ ከእኛ መካከል አንድም ሰው አልጠየቃቸውም ነበር።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ አየሩን አጥብቆ ሲጨምቀው አየሩ እጅግ ይግላል፤ በዚያች ቅጽበት ኢንጀክተሩ ናፍጣውን እንደ ጉም ሲረጨው በራሱ ይነዳል። እንግዲህ አንድ ሲሊንደር ሲስት ምክንያቱ በአብዛኛው ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ንጹሕ ናፍጣ አልደረሰውም፤ ወይም ናፍጣው በአግባቡ አልተረጨም፤ ወይም አየሩ በሚገባ አልተጨመቀም። ሦስተኛውን ለመጠገን ሞተር መፍታትና ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያውን ለማየት ግን አንድ ጠርሙስ ይበቃል። ምርመራም ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳል።

መካኒኩ ከናፍጣው ፊልትሮ ሥር ያለውን ማፍሰሻ ከፍተው በጠርሙስ ቀዱ። ውኃ ከናፍጣ ይከብዳልና ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዝገት የመሰለ ውኃ ከታች ተለይቶ ታየ። የመኪናው ታንከር ተጣርቶ፣ ፊልትሮው ተለውጦ፣ በመስመሩ ውስጥ የገባው አየር በእጅ ፓምፑ ከወጣ በኋላ ሞተሩ ተሻለው፤ መንተፋተፉ ግን ጨርሶ አልተወም።

ከዚያም ሞተሩ በዝግታ እየሠራ ወደየኢንጀክተሩ የሚሄደውን ቱቦ ዳዶ በየተራ ጥቂት አላሉት። ደኅና የሚሠራው ሲሊንደር ናፍጣው ሲቋረጥበት የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል፣ ይደክማልም። ሦስተኛው ሲላላ ግን ድምፁ ምንም አልተለወጠም፤ ቀድሞም አይሠራም ነበርና። ሞተሩ ጠፍቶ የሦስተኛውና የሁለተኛው ኢንጀክተር ቦታ ተለዋወጠ። ተነሥቶ እንደገና ሲፈተሽ ጉድለቱ ወደ ሁለተኛው ሲሊንደር ተዛውሮ ተገኘ። ጉድለቱ ከኢንጀክተሩ ጋር ከሄደ በሽተኛው ኢንጀክተሩ ነው፤ በሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ቢቀር ኖሮ ግን ወደ ቫልቩና ወደ ፒስተኑ እንሄድ ነበር። ኢንጀክተሩ በመሞከሪያ ላይ ሲታይ መርጨቱን ትቶ ያንጠባጥብ ነበር። እርሱ ብቻ ተለወጠ፤ ሞተሩም ሳይፈታ ዳነ።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አለን። ዳዶ የማላላቱ ሥራ ለባለ ሙያ፣ ያውም በአሮጌው የናፍጣ ፓምፕ ለሚሠሩ ሞተሮች ብቻ ነው። ኮመን ሬል በሚባሉት አዳዲስ ሞተሮች ላይ ፈጽሞ አይሞከርም፤ ግፊቱ ናፍጣውን በቆዳ ውስጥ ያስገባዋል። እንዲህ ያለ አደጋ የደረሰበት ሰው ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ይሂድ።

ውኃው ከየት መጣ? በርሜሉን በግቢው ውስጥ ያለ ጣራ ያቆምነው እኛው ነን። የዝናብ ውኃ በበርሜሉ አናት ላይ ይጠራቀማል፤ ሌሊት ብርድ ሲሆን በውስጡ ያለው ናፍጣና አየር ስለሚኮማተር በርሜሉ ውኃውን በክዳኑ ዙሪያ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ናፍጣውን የሰረቀ ሰው አልነበረም። የሳተ ሞተር ያንኑ ሥራ ለመሥራት አብዝቶ ይጠጣልና የጎደለው ናፍጣ በማርሚታው ወጥቷል።

ስለዚህ ለየደብሩ ኮሚቴ የምናሳስበው ይህን ነው። በርሜል ከጣራ ሥር ይቀመጥ፤ ጣራ ከሌለ ውኃ በክዳኑ ላይ እንዳይቆም በጎኑ ይተኛ። ናፍጣው ከመቀዳቱ በፊት አንድ ቀን ይረፍ፤ የመቅጃው ጫፍም ወለሉን አይንካ። የፊልትሮው ውኃ በክረምት በየሳምንቱ ይፍሰስ። አሽከርካሪው የሚያየውን ለውጥ ከነቀኑ በመዝገብ ይጻፍ። ሞተር ይታደስ የሚል ሐሳብ ሲቀርብላችሁም «ምን ምን ተፈተሸ? ውጤቱስ ምን ሆነ?» ብላችሁ ሳትጠይቁ ገንዘብ አትፍቀዱ።

የመጨረሻው ጥገና በጉባኤው ፊት የተደረገው ነው። ደብዳቤው ተሻረ፤ የተቆረጠው ደመወዝ ተመለሰ። የደብሩ አስተዳዳሪና እኛ ተነሥተን አሽከርካሪውን ይቅርታ ጠየቅን። እርሳቸውም «እግዚአብሔር ይፍታ» ካሉ በኋላ «ገንዘቡስ ይመለሳል፤ ልጆቼ ግን ሌባ ስባል ሰምተዋል» አሉን። ለዚህ መልስ አልነበረንም። ሞተሩን ለመመርመር የፈጀብን ግማሽ ቀን ነው፤ ያን ግማሽ ቀን አስቀድመን ብንሰጠው ኖሮ ይህን ቃል ባልሰማን ነበር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።