የእንፋሎት ባቡር አገልግሎትና አጠባበቅ

(ለመምህራን ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ተከዜ ሰቲት ተብሎ ወደ ሱዳን በሚገባበት ጠረፍ ሐምዳይት የምትባል መንደር አለች። ሐምዳይት ባቡር አልደረሰባትም፤ ነገር ግን ሁለት የምድር ባቡር መንገዶች ከሁለት ወገን ወደዚህ ጠረፍ ሲገሠግሡ ነበር። የሱዳኑ ሐዲድ በ1924 እ.ኤ.አ. ከሰላ፥ በ1928 ገዳሪፍ ገባ። የኤርትራው ደግሞ ከምጽዋ ተነሥቶ በ1911 አሥመራ፥ በ1928 አቆርደት፥ በ1932 ቢሻ ደርሶ ቆመ። ሁለቱ ሳይገናኙ ቀሩ፤ ቢገናኙም ኖሮ የአንዱ ባቡር በሌላው ሐዲድ ላይ ሊሄድ ባልቻለም ነበር። የሱዳኑ ሐዲድ ስፋት 1067 ሚሊሜትር፥ የኤርትራው 950 ሚሊሜትር ነውና።

ከምጽዋ እስከ አሥመራ ያለው መንገድ 118 ኪሎሜትር ያህል ነው፤ በዚህ ርቀት ባቡሩ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ከ2300 ሜትር በላይ ይወጣል። ለዚህ አቀበት የኢጣልያው የአንሳልዶ ፋብሪካ በ1938 ቁጥር 442 የተባለውን የሎኮሞቲቭ ዓይነት ሠራ። መኪናው ሁለት ክፍል መንኰራኵሮች አሉት፤ የኋለኛው ከአካሉ ጋር የጸና ሲሆን የፊተኛው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ስለዚህም ጠመዝማዛውን የተራራ መንገድ በደኅና ይዞራል።

ነገር ግን መኪናው ያለ ሰው ትጋት አንዳች አይሠራም። ውሃው ፈልቶ እንፋሎቱ እስኪበረታ ድረስ እሳት አንዳጁ ሰዓታት ቀድሞ መነሣት አለበት። በጕዞ ጊዜ ውሃው ከልኩ ቢጐድል የምድጃው ጣራ በሙቀት ይለሰልሳል፤ ጋኑም ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ የሠራተኛው ዓይን ከውሃ መለኪያው መስታወት አይለይም። ይህም ጥበብ ከመጽሐፍ ይልቅ ከአዛውንት ወደ ወጣት በሥራ ላይ የሚተላለፍ ነው።

በ1970ዎቹ በጦርነት ምክንያት ባቡሩ ቆመ፤ ሐዲዱም እየተነቀለ ለምሽግ ሥራ ዋለ። በ1990ዎቹ መንገዱ እንደገና እንዲሠራ በተወሰነ ጊዜ የተጠሩት በጡረታ ላይ የነበሩ ባቡረኞች ነበሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌዎች ነበሩ። እነርሱም የጐደለውን ዕቃ በአሥመራ ጋራዥ እየሠሩ፥ ወጣቶችን እያስተማሩ ደከሙ። በ2003 ሐዲዱ አሥመራ ደረሰ፤ በ1938 ከተሠሩትም መኪናዎች ጥቂቶቹ ዳግመኛ ጢስ አወጡ። እነዚያ ሽማግሌዎች አሥር ዓመት ዘግይተው ተጠርተው ቢሆን ኖሮ ብረቱ ሲገኝ አዋቂው በጠፋ ነበር።

በ2020 ከጦርነት የሸሹ ብዙ ሺህ ሰዎች ተከዜን ተሻግረው በሐምዳይት በኩል ሱዳን ገቡ። ከእነርሱ መካከል መምህራን ነበሩ። ቤታቸውንና መጻሕፍታቸውን ትተው ቢመጡም፥ የሚያውቁትን ይዘው ነበርና በገዳሪፍ አውራጃ በሚገኘው የኡም ራኩባ ሰፈር ልጆችን ሰብስበው አስተማሩ።

እንግዲህ የአሮጌ መኪና ጠባቂና የመምህር ሥራ አንድ ነው። በየትምህርት ቤቱ አካባቢ የሚኖሩት አሮጌ ባቡረኞች፥ አንጥረኞችና ሸማኔዎች ሳያልፉ፥ ተማሪዎች በፊታቸው ተቀምጠው ይጠይቋቸው፤ የሰሙትንም ይጻፉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ወረቀትና እርሳስ፥ ከሁሉም በላይ ጊዜው ሳያልፍ የሚነሣ መምህር ነው።