የማሽላ ዘር ከምርምር ጣቢያ እስከ ገበሬው ማሳ



ማሽላ ዝናብ በሚያጥርባቸው የአፍሪካ ቆላማ ቦታዎች የሚሊዮኖች የዕለት እንጀራ ነው። ይህንንም ሰብል ሁለት ብርቱ ጠላቶች ይፈታተኑታል፤ አንደኛው ድርቅ ነው፤ ሁለተኛው ገበሬው አቀንጭራ የሚለው ጥገኛ አረም ነው። ሁለቱንም በምርምር ከገጠሙት ሊቃውንት መካከል የሰብል ማዳቀል ባለሙያው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ።

ፕሮፌሰር ገቢሳ እ.ኤ.አ. በ1950 በወሎንኮሚ ተወለዱ። በ1973 ከዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ተመርቀው፣ በ1978 ከአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። ቀጥሎም በሱዳን ሲሠሩ ድርቅን የሚቋቋመውን ሀጊን ዱራ-1 የተባለ ዲቃላ ማሽላ አስገኙ፤ ዲቃላውም በ1983 ለገበሬዎች ተለቀቀ።

ይሁን እንጂ ከዲቃላ የተገኘ እህል ተመልሶ ቢዘራ የመጀመሪያውን ብርታት አይሰጥም። ገበሬው በየዓመቱ አዲስ ዘር ማግኘት አለበት። ዘሩን የሚያባዛ፣ ጥራቱን የሚቈጣጠርና ወቅቱን ጠብቆ የሚያከፋፍል ድርጅት ከሌለ ግኝቱ ፍሬ አልባ ይሆናል። ስለዚህ ፕሮፌሰሩ ዲቃላውን ካስገኙ በኋላ በሱዳን የዘር ማባዣ ሥራ እንዲደራጅ ጥረት አደረጉ።

በ1984 ወደ ፐርዱ ተመልሰው ከባዮኬሚስቱ ላሪ በትለር ጋር አቀንጭራን ማጥናት ያዙ። የአቀንጭራ ዘር እንደ አቧራ የደቀቀ ሲሆን በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተኝቶ ይቈያል። የሚነቃውም የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲደርሰው ነው። ከዚያም ሥሩን ተጣብቆ ውኃውንና ምግቡን ይመጥበታል። ብዙውን ጉዳት የሚያደርሰው ከመሬት በላይ ሳይታይ ስለሆነ ዘግይቶ ማረም እምብዛም አይረዳም። ተመራማሪዎቹ ይህን ቀስቃሽ ኬሚካል እጅግ በጥቂቱ የሚያመነጩ ማሽሎችን ለይተው አዳቀሉ፤ ቀስቃሽ ያጣው አረምም ሳይነቃ ይቀራል። በ1994 ከዚህ ዘር ስምንት ቶን ለምሥራቅ አፍሪካ ተከፋፈለ። በኢትዮጵያም ጎብዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች ከዚሁ ምርምር ተገኝተው ተለቀዋል።

ዘሩ ብቻውን ግን በቂ አልነበረም። ከማዳበሪያና የዝናብን ውኃ በማሳው ላይ ከሚያቁር ትልም ጋር ሲጣመር ውጤቱ ጐላ።

ፕሮፌሰር ገቢሳ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን፣ በ2023 ደግሞ የአሜሪካን ብሔራዊ የሣይንስ ሜዳልያ ተቀበሉ። የሥራቸው ትምህርት ለመሐንዲሱም ይደርሳል። በመጋዘን የቀረ ምርጥ ዘር አንድም አፍ አይመግብም። የዘር ማበጠሪያው፣ መጋዘኑ፣ መንገዱና የውኃ ማቆሪያው ከዘሩ ጋር አብረው ሊታቀዱ ይገባል።